ወርቃማው ላገር፦ ሁሉም አንድ የሚመስለው ቢራ

ግሮሰሪ ገብቶ «ቢራ» ያለ ሰው ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል። ወርቃማ፣ ጥርት ያለ፣ ነጭ አረፋ የያዘ ቀዝቃዛ መጠጥ ነው። መለያው ላይ ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዋልያ ወይም ዳሽን ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ቶኪዮ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ወይም አምስተርዳም ቢሄድም የሚቀርብለት ነገር ብዙ አይለይም። በዓለም ላይ ከሚሸጠው ቢራ አብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ነው። እሱም ወርቃማ ላገር ነው።

ብዛቱ ግን ንቀት አምጥቶበታል። «ሁሉም ያው ነው፣ የሚለየው መለያው ብቻ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጠቆር ያለ ቢራ የሚወዱት ደግሞ «ውሃ ነው» ብለው ያልፉታል። በሁለቱም አልስማማም። ከቢራ ዓይነቶች ሁሉ ጠማቂን የሚፈትነው ይህኛው ነው እላለሁ። ጥቁር ቢራ ላይ ትንሽ ጥፋት ቢገኝ የተቆላው ብቅል ይሸፍነዋል። ወርቃማ ላገር ላይ ግን ነጭ ነጠላ ላይ እንደወደቀ የወጥ ጠብታ ወዲያው ይታያል። ለምን እንደሆነ የሚገባን አሠራሩን ስናውቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወርቃማነቱ ከየት መጣ?

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ብቅልን በደንብ ያውቀዋል። እህሉ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሲበቅል ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች ኋላ ላይ በሙቅ ውሃ ውስጥ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል። እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው፤ አልኮልና ጋዝ የሚሆነውም እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠላ ጠማቂዋና ቢራ ፋብሪካው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው።

የቢራውን ቀለም የሚወስነው ብቅሉ የሚደርቅበት ሙቀት ነው። በፋብሪካ ብቅል በሞቃት አየር ይደርቃል። ሙቀቱ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከቆመ ብቅሉ ነጣ እንዳለ ይቀራል። ከእሱ የሚወጣውም ቢራ ወርቃማ ይሆናል። ሙቀቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ብቅሉ ይጠቁራል፣ የዳቦ ቅርፊትና የካራሜል ጣዕም ያመጣል። ስታውት ለሚባለው ጥቁር ቢራ የሚሆነው ጥቁር ብቅል ከ200 ዲግሪ በላይ ይቆላል።

ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ድሮ ግን ብቅል የሚደርቀው በአብዛኛው በእንጨት እሳት ነበር። ጭሱ ይገባበታል፣ ሙቀቱም እንዳሻው ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የአውሮፓ ቢራ በብዛት ቡናማና ጠቆር ያለ ነበር። እንግሊዞች ኮክ በሚባል፣ ከድንጋይ ከሰል በሚሠራ ጭስ የማያበዛ ማገዶ ማድረቅ ሲጀምሩ ነጣ ያለ ብቅል በብዛት ማግኘት ተቻለ። በ1833 የሙኒኩ ገብርኤል ዜድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬኸር ብሪታንያን ዞረው ፋብሪካዎችን አዩ። ይዘውት የተመለሱት እውቀት የአህጉሩን ቢራ ቀየረው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ቀለም ስለ አልኮል መጠን ምንም አይናገርም። የአየርላንዱ ድራፍት ጊነስ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ አልኮሉ ግን ከ4 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ወርቃማ የሆነው ቦክ የሚባለው የጀርመን ቢራ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። «ነጣ ያለ ነው፣ አይከብድም» ብሎ መጀመር ሰውን ብዙ ጊዜ አሳስቷል።

ቅዝቃዜና ትዕግስት

ወርቃማ መሆን ብቻውን ላገር አያደርግም። ላገርን ላገር የሚያደርገው እርሾውና ቅዝቃዜው ነው።

የቢራ እርሾ በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንደኛው ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ፣ በፍጥነት ይሠራል። ከእሱ የሚወጣው ኤል የሚባለው ቢራ ነው። የፍራፍሬና የቅመም መዓዛ ያለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሁለተኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ያብላላል፣ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ጋኑ ታች ይዘቅጣል። የላገር እርሾ ይህ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ የፍራፍሬ መዓዛ የሚያመጡትን ውህዶች ብዙም አያመነጭም። ላገር ስንጠጣ ብቅሉና ምሬቱ ብቻ ጥርት ብለው የሚሰሙን ለዚህ ነው።

ይህ እርሾ ዲቃላ ነው። አንደኛው ወላጁ ዳቦና ወይን ላይ የምናውቀው የተለመደው እርሾ ነው። ሁለተኛውን ማንም ሳያውቀው ብዙ ዘመን አለፈ። በ2011 ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ፣ ፓታጎንያ ደን ውስጥ፣ ዛፍ ላይ በሚበቅሉ እባጮች ውስጥ አገኙት። በኋላ በቲቤትም ተገኘ። ብርድ የሚችለው እሱ ነው፤ ችሎታውን ለላገር እርሾ ያወረሰውም እሱ ነው።

በዛሬዋ ደቡብ ጀርመን ያሉት የባቫሪያ ሰዎች ይህን ሁሉ ሳያውቁ ነው የተጠቀሙበት። በ1553 የአገሩ ገዥ ዱክ አልብረኽት አምስተኛ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢራ መጥመቅ ከለከሉ። በእነዚያ ሞቃት ወራት የተጠመቀው ቢራ ይበላሽ ነበርና ነው። ስለዚህ ጠማቂው ሁሉ በብርዱ ወራት መጥመቅ ነበረበት። ብርድ የማይችለው እርሾ እየቀረ፣ የሚችለው እየበዛ ሄደ። ቢራውም ለሞቃቱ ወራት እንዲደርስ በዋሻና በምድር ቤት፣ በበረዶ ተከቦ ለወራት ይቀመጥ ነበር።

ያ መቀመጥ ዛሬም አልቀረም። ቢራው ከተብላላ በኋላ ወደ ዜሮ በተጠጋ ሙቀት ለሳምንታት ያርፋል። ይህ ጊዜ የሚባክን ጊዜ አይደለም። እርሾውና ፕሮቲኑ ይዘቅጣሉ፣ ቢራው ይጠራል፣ ሻካራው ጣዕም ይለሰልሳል። እርሾ ሲሠራ ዲያሴቲል የሚባል ቅቤ ቅቤ የሚል ውህድ ያመነጫል። ጊዜ ከተሰጠው መልሶ ያጠፋዋል። ጋን ቶሎ እንዲለቀቅ ተብሎ የተቸኮለበት ላገር ላይ ያ የቅቤ ሽታ ይቀራል። ያልበሰለ የፖም ሽታም የችኮላ ምልክት ነው። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከአፈላሉ ወይም ከብክለት ሊሆን ይችላል። በወርቃማ ላገር ውስጥ እነዚህን የሚሸፍን ምንም የለም።

ቅዝቃዜው እንደ ልብ የተገኘው በ1870ዎቹ ነው። ካርል ፎን ሊንደ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ማቀዝቀዣ ማሽኑን የሠራው በቢራ ጠማቂዎች ድጋፍ ነው። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ንጹህ የእርሾ ዘር ለይቶ ማባዛት ቻለ። ከዚያ በፊት አንድ ጋን ጥሩ ቢራ ይወጣዋል፣ ቀጣዩ ይኮመጥጣል፤ ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። ካርልስበርግ ግኝቱን ደብቆ ሊይዘው ይችል ነበር፤ አልደበቀውም፣ ለሌሎች ጠማቂዎችም አካፈለ። እኔ ከቢራ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማከብረው ይህንን ነው።

ፕልዘን፣ 1842

አሁን ሁሉም አንድ ላይ ወደተገናኘበት ቦታ እንሂድ። ፕልዘን ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ያለች ከተማ ናት። ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር የነበረችው የቦሄሚያ አካል ነበረች። በ1838 የከተማዋ ሰዎች 36 በርሜል የተበላሸ ቢራ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ደፉት። ቢራቸው እጅግ አስመርሯቸው ነበር። መጥመቅ የተፈቀደላቸው ነዋሪዎች ተመካከሩና የጋራ ፋብሪካ ለመሥራት ወሰኑ። አዲስ ሕንፃ ተሠራ፣ ከባቫሪያም ዮሴፍ ግሮል የሚባል ጠማቂ ተቀጠረ።

ግሮል የላገር አጠማመቅን ከአገሩ ይዞ መጣ። ፋብሪካው ነጣ ያለ ብቅል በእንግሊዝ ዘዴ የሚያደርቅ ምድጃ ነበረው። የሞራቪያ ገብስ በአቅራቢያው ነበር። ከዛቴትስ ከተማ አካባቢ የሚመጣው ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው፣ እንደ ጌሾ ያለ ተክል) ለስላሳ ምሬትና የሣር፣ የአበባ መዓዛ ነበረው። ጥቅምት 5 ቀን 1842 የመጀመሪያውን ጥመቃ ጠመቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር 11፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን፣ ቢራው ለሕዝብ ቀረበ። ወርቅ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ላገር ነበር።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ውሃው ነው። የፕልዘን ውሃ ማዕድን የሌለው እስኪመስል ድረስ ለስላሳ ነው። ውሃ ውስጥ ቢካርቦኔት ሲበዛ ነጣ ባለ ብቅል መጥመቅ ያስቸግራል። የሆፕስ ምሬቱም ሻካራ ይሆናል። የሙኒክ ውሃ እንደዚያ ነበር። ሙኒክ ለረጅም ጊዜ በጠቆር ያለ ቢራ የታወቀችውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጠቆረ ብቅል አሲድነቱ ያንን ውሃ ያመጣጥነዋል። ግሮል ግን እንዲህ ያለ ውሃ አልገጠመውም። ብዙ ሆፕስ ጨምሮ እንኳ ምሬቱ ጉሮሮ የማይቧጥጥ ሆኖ ወጣለት።

ቢራው በባቡር መስመር ወደ ቪየና፣ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ ሌላው ዓለም ሄደ። በዚያው ዘመን የመስታወት ብርጭቆ እየረከሰ መጣ። ሰው የሚጠጣውን ማየት ሲጀምር ደፍራሳና ቡናማ ቢራ ገበያው ተቀዛቀዘ። ዛሬ ፒልስነር የሚባለው ሁሉ ስሙን ከዚህች ከተማ ያገኘ ነው።

ዘመዶቹ

የፕልዘኑን ቢራ ያየ ሁሉ በአገሩ ውሃና በአገሩ ሰው ምላስ ልክ ሠራው። ልዩነቶቹ የመጡት ከዚህ ነው።

የቼኩ ፒልስነር ሞላ ያለ ነው። ብቅሉ የዳቦ ጣዕም አለው፣ ምሬቱ ግልጽ ነው፣ ትንሽ የቅቤ ለዛም ይፈቀድለታል። ቼኮች ቢራቸውን «አሥረኛ»፣ «አሥራ ሁለተኛ» እያሉ ይጠራሉ። ይህ ቁጥር አልኮል አይደለም። ከመብላላቱ በፊት ጭማቂው ውስጥ ስንት በመቶ ስኳርና ሌላ የሟሟ ነገር እንዳለ ያሳያል። ከአሥራ ሁለተኛው የሚወጣው ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። በጀርመን ፒልስ የሚሉት ደግሞ ቀጠን፣ ደረቅ ያለ ነው። ጣፋጭነቱ ያንሳል፣ ምሬቱ ከተዋጠ በኋላም ይቆያል። በተለይ የሰሜን ጀርመኑ።

ሙኒክ ቶሎ እሺ አላለችም። ጥቁር ቢራዋን ትወድ ነበር፣ ውሃዋም አስቸግሯታል። በ1894 ግን የሽፓተን ፋብሪካ ሄለስ የሚባለውን ወርቃማ ቢራ አወጣ። ሄለስ ከፒልስነር የሚለየው በሆፕስ ቁጥብነቱ ነው። ጎልቶ የሚሰማው ብቅሉ ነው። ለስለስ ያለ፣ እንደ ትኩስ ዳቦ የሚሸት፣ የማይጮህ ቢራ ነው። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱም የጠማቂው ችሎታ ከየትኛውም በላይ በሄለስ ይለያል፤ ምሬት እንኳ አያግዘውም።

ዶርትሙንድ የጀርመን የከሰልና የብረት ከተማ ነበረች። ውሃዋ ማዕድን የበዛበት ነው። «ኤክስፖርት» የተባለው ቢራዋ በፒልስና በሄለስ መካከል ቆሞ ጠንከር ያለ ነው። ዛሬ ብዙም አይገኝም። በሙኒኩ ኦክቶበርፌስት ድንኳኖች ውስጥ አሁን የሚቀዳው ቢራም ወርቃማ ነው፤ አልኮሉ 6 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከሱ በላይ ያለው በጸደይ የሚጠጣው ማይቦክ ነው።

አትላንቲክን ስንሻገር ታሪኩ ይቀየራል። ጀርመናዊ ስደተኞች የላገር እርሾን በ1840ዎቹ ወደ አሜሪካ ወሰዱ። እዚያ የጠበቃቸው ገብስ ግን ፕሮቲን የበዛበት ነበር። ቢራውን ያደፈርሰዋል፣ ያከብደዋል። ጠማቂዎቹ በቆሎና ሩዝ ቀላቀሉበት። በ1876 የወጣው ባድዋይዘር ሩዝ አለበት። ብዙ ሰው ሩዝና በቆሎ የሚገባው ለርካሽነት ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ወጪ መቀነስ በኋላ ገብቶበታል፤ መነሻው ግን የገብሱን ጠባይ ማስተካከል ነበር። ውጤቱ ቀላል፣ ምሬቱ እምብዛም የማይሰማ፣ ጋዝ የበዛበት ቢራ ነው። ለሙቀት የተሠራ ነው።

ከዚህ «ላይት» የሚባለው ተወለደ። በ1960ዎቹ ጆሴፍ ኦዋድስ የተባለ የቢራ ኬሚስት እርሾ የማይበላቸውን ስኳሮች ጭምር የሚሰባብር ኢንዛይም ተጠቀመ። ቢራው ውስጥ የሚቀር ጣፋጭ ነገር ጠፋ። ሚለር ላይት በ1975 በመላው አሜሪካ ሲሸጥ ሐሳቡ ገበያ አገኘ። 355 ሚሊ ሊትሩ 96 ካሎሪ አለው፤ መደበኛው ቢራ 150 አካባቢ ነው። ላይት ማለት አልኮል የሌለው ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። የሚለር ላይት አልኮል 4.2 በመቶ ነው። ጃፓኖችም በ1987 በአሳሂ ሱፐር ድራይ በተመሳሳይ መንገድ ሄዱ፤ ከምላስ ቶሎ የሚጠፋ፣ ደረቅ ያለ ቢራ ሠሩ።

የቀረው ሰፊው ሕዝብ የሚጠጣው ዓለም አቀፍ ላገር የሚባለው ነው። ሃይነከን፣ ካርልስበርግ፣ ስቴላ አርቷ እዚህ ውስጥ ናቸው። ምሬታቸው ከአሜሪካው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከፒልስነር ግን ያንሳል።

የእኛ አገር ቢራ የት ይመደባል?

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው በ1922 ነው። ከዚያ ወዲህ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ሐበሻ፣ ዋልያ እያለ ቀጠለ። በ2011 ሃይነከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፤ በኋላም ቂሊንጦ ላይ ፋብሪካ ሠራ። ከጥቂቶች፣ ለምሳሌ ከሐኪም ስታውት፣ በቀር በአብዛኛው የሚቀርቡልን ወርቃማ ላገሮች ናቸው። አልኮላቸውም ከ5 በመቶ አካባቢ ብዙም አይርቅም። ከቤተሰቡ ውስጥ ወደ ዓለም አቀፉ ላገር ይጠጋሉ።

ይህ ማለት ልዩነት የላቸውም ማለት አይደለም። ውሃቸው፣ እርሾአቸው፣ የሆፕሳቸው መጠን፣ ጋን ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ይለያያል። ገብሱ የኛ ነው፦ አርሲ፣ ባሌና ሰሜን ሸዋ ለብቅል የሚሆን ገብስ ይመረትባቸዋል፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። ሆፕሱ ግን ከውጭ ይመጣል። ጌሾ ጠላ ላይ የሚሠራውን ሥራ ቢራ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ ያመርረዋል፣ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል።

አንድ የማይነገርለት ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። የሆፕስ ምሬት የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ እዚህ ያለ ጠማቂ ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር እኩል ምሬት ለማግኘት ስሌቱን መቀየር አለበት። ወይ ሆፕስ ይጨምራል፣ ወይ ረዘም አድርጎ ያፈላል፣ ወይ በግፊት ያፈላል። የአውሮፓን ቀመር እንዳለ ገልብጦ መጥመቅ አይቻልም።

ልዩነቱን በራስ ምላስ ማግኘት

ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቢራ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቅመሱ። ስማቸውን ሳታዩ ብትቀምሱ ይሻላል። እንደ በረዶ መቀዝቀዝ የለባቸውም። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛውም አይወጣም። ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ጥሩ ነው። መጀመሪያ አሽትቱ፦ ዳቦ ነው ወይስ ሣር፣ ወይስ ቅቤ? ስትውጡ ምሬቱ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይጠፋል? ጣፋጭነቱ አፍ ውስጥ ይቀራል? በእነዚህ ብቻ «ሁሉም ያው ነው» የሚለው ሐሳብ ይፈርሳል።

አረፋውን አትናቁት። የብቅሉ ፕሮቲንና የሆፕሱ ምሬት ተያይዘው ነው የሚሠሩት፣ መዓዛውንም ይይዛል። ብርጭቆው ላይ የቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለ አረፋው ወዲያው ይወርዳል። ጃምቦ ስታዝዙ አረፋው ቀርቶላችሁ ብዙ ቢራ ቢቀዳላችሁ አትራፊ አትሆኑም። ድራፍቱ ኮምጠጥ ወይም ቅቤ ቅቤ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ ያልታጠበ ቱቦ ነው።

ከሁሉም የሚያበላሸው ፀሐይ ነው። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ውህድ ሲነካው የሚከረፋ የሰልፈር ሽታ ይፈጠራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቡናማ ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ብዙም አይከላከሉም። ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታውን ሳጥን አትግዙ። ሙቀትና ዕድሜም እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያመጣሉ። ወርቃማ ላገር እንደ ጠጅ ሲቆይ የሚሻሻል መጠጥ አይደለም። የተመረተበትን ቀን አይታችሁ አዲሱን ውሰዱ።

መለያው ላይ ያለውን የአልኮል መጠንም አንብቡ። 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ። 7.5 በመቶ የሆነው በዚያው ጠርሙስ ከ19 ግራም በላይ ይይዛል። ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዱ አንድ ዓይነት ወርቅ ሊመስሉ ይችላሉ።